ስንዴ ለሙታን፣ በቆሎ ለሕያዋን

በሰሜን ምሥራቅ ሮማኒያ፣ በሞልዳቪያ ገጠር፣ የድሮ ጭሰኛ በዓመት ውስጥ ስንዴ የሚቀምስባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ። ለፋሲካ ፓስካ የሚሉት፣ መሐሉ አይብ የተሞላ ክብ ዳቦ ይጋገራል። ለገና ኮዞናክ አለ፤ በእንቁላልና በወተት ተቦክቶ፣ የተፈጨ ዋልነት ተጠቅልሎበት የሚጋገር ጣፋጭ ዳቦ ነው። ማርች 9 ቀን፣ የሰባስጥያ አርባ ሰማዕታት በሚታሰቡበት ዕለት፣ ሴቶች ሊጡን በ8 ቁጥር ቅርጽ እየጠመዘዙ ይጋግሩና ማር ቀብተው ዋልነት ይነሰንሱበታል። ከእነዚህ ሌላ ስንዴ ቤት የሚገባው ሰው ሲሞት ነበር። በተረፈው ዓመት ገበታውን የያዘው በቆሎ ነው። (ቀንና ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ያሺ በምትባለው ከተማ እርሻ በተማርኩባቸው በ1980ዎቹ ዓመታት ይህ ነገር ዕረፍት ነሳኝ። አገሩ የስንዴ አገር ነው። አፈሩ ጥቁርና ወፍራም፣ ሜዳው ዓይን እስኪታክት የተዘረጋ፣ የዳኑብ ወደቦቹ ደግሞ እህል እየጫኑ የከበሩ ናቸው። ታዲያ አራሹ ለምን በቆሎ በላ? መልሱን ከጓደኛዬ አያት ወጥ ቤት ጀምሬ ነው የለቀምኩት። ዛሬ ባህላዊ የሮማኒያ ምግብ ተብሎ የሚወደሰው አብዛኛው ነገር ግብር ሰብሳቢው ያልፈለገው፣ ነጋዴው ያልገዛው፣ ከጌታው ጎተራ ውጭ የቀረ ነገር ነው። ማማሊጋ የሚሉት የበቆሎው ገንፎ፣ ከፉርሽካ የሚወጣው መጣጣ ውሃ፣ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለው ጥቂት ሥጋ ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ያን ገበታ ያቆሙት ሴቶች የሚገባቸውን ክብር አግኝተዋል ብዬ አላምንም፤ ይህን የምጽፈውም ለእሱ ነው።

በቆሎ ከመምጣቱ በፊትም ገንፎው ነበረ። የሚሠራው ከዳጉሳ ወገን ከሆነች ደቃቅ እህል ነው። በቆሎ ከአሜሪካ ተነሥቶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዋላኪያና ሞልዳቪያ ሲገባ፣ ድስቱም፣ ማማሰያውም፣ ስሙም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ዱቄቱ ብቻ ነው። የአገሬው ትውፊት እህሉን ያስገባው ከ1678 እስከ 1688 ዋላኪያን የገዛው መስፍን ሸርባን ካንታኩዚኖ ነው ይላል። ማንም ያስገባው ማን፣ ገበሬው የያዘበት ምክንያት ግልጽ ነው። በቆሎ ከተዘራው ዘር አንጻር የሚሰጠው ምርት ከስንዴ እጅግ ይበልጣል፣ በሬ የሌለውም ሰው በዶማ ሊያለማው ይችላል፣ በመስመሩ መካከል ቦሎቄና ዱባ ይበቅላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ኢስታንቡል አልፈለገችውም። ሁለቱ መስፍንነቶች፣ ዋላኪያና ሞልዳቪያ፣ ለኦቶማን ሱልጣን ገባሮች ነበሩ። ከዓመታዊው የገንዘብ ግብር ሌላ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ በጉን፣ ቅቤውን፣ ማሩን ቱርኮች በቆረጡት ዋጋ ለዋና ከተማይቱ ያቀርባሉ። ስንዴ የዘራ ገበሬ ለሌላ ሰው አፍ ዘራ ማለት ነበር። በጓሮው በቆሎ የዘራ ግን ቢያንስ ያን ራሱ ይበላዋል። የሮማኒያ ሰዎች አሳማን በብዛት ያረባነውም በዚሁ ምክንያት ነው ይላሉ፤ በጉን የሚነዳው የሱልጣን ሰው አሳማውን አይነካውም።

በ1829 በሩሲያና በቱርክ መካከል የተፈረመው የኤዲርኔ ውል ይህን የግዢ ግዴታ አነሣ። የዳኑብ ንግድ ተከፈተ፤ ብረይላ በ1836፣ ጋላትስ በ1837 ከቀረጥ ነጻ ወደብ ሆኑ፤ የምዕራብ አውሮፓ መርከቦች ስንዴ ፍለጋ ተሰለፉ። ገበሬው ግን ስንዴውን መልሶ አላገኘም። እንዲያውም እህል ወርቅ ሲሆን፣ ቦየር የሚባሉት ባላባቶች ከጭሰኛው የሚጠይቁት የጉልበት ሥራ በረታ። በ1864 መስፍኑ አሌክሳንድሩ ዮአን ኩዛ ጭሰኛውን ከጉልበት ግብር ነጻ አውጥቶ መሬት አከፋፈለ፤ ነገር ግን የተሰጠው ቁራሽ ቤተሰብ የሚያኖር ስላልነበረ ገበሬው ተመልሶ የባላባቱን መሬት መከራየት ጀመረ። በዚያች ቁራሽ ላይ ሆድ የሚሞላውን ዘራ። ስንዴው በባቡርና በመርከብ ሄደ፤ በቆሎው ቀረ።

የጓደኛዬ አያት ቤት ከያሺ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሀርላው ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነበር። በዚያ ዘመን ሕጉ የውጭ አገር ሰው በግል ቤት እንዲያድር ስለማይፈቅድ በጠዋት ባቡር ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። አያትየው ማማሊጋ ሲሠሩ ቆሜ ማየት እወድ ነበር። ከታች ክብ፣ ከቀለጠ ብረት የተሠራ ጥቁር ድስት እሳት ላይ ይጥዳሉ። ውሃው ጨው ገብቶበት ሊፈላ ሲል አንድ ጭብጥ ዱቄት ይበትኑበታል፤ ይህ የቀረው ዱቄት እንዳይጓጉል ነው ይላሉ። ውሃው ሲንተከተክ የቀረውን ዱቄት እንዳለ መሐል ላይ ያፈሱታል፤ አያማስሉትም። እንደ ቆመ ለጥቂት ጊዜ ይፈላና፣ በማማሰያው ዘንግ መሐሉን በስተው ውሃው እንዲወጣበት ያደርጋሉ። ማማሰሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ድስቱን በእግራቸው ደግፈው፣ ዘንጉን በሁለት እጅ ይዘው፣ ገንፎው ከድስቱ ግድግዳ እስኪላቀቅ ድረስ። ሲበስል የእንጨት ገበታ ላይ ይገለብጡታል፤ ክብ ሆኖ እንደ ቆመ ይቀራል። ቢላዋ አይነካውም። በሁለት እጅ በተወጠረ ክር ከሥር ወደ ላይ ይቆረጣል፤ ክር አይጣበቅበትም፣ ጠርዙም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በፍስክ ከበግ አይብና ከኮመጠጠ ክሬም ጋር፣ በጾም ደግሞ በውሃ ከተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ወይም ከተፈጨ ባቄላ ጋር ይበላል።

ከአይብና ከክሬም ጋር ሲበላ ሙሉ ምግብ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ይገድላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ሮማኒያ በአውሮፓ በፔላግራ በጣም ከተጎዱት አገሮች አንዷ ነበረች። በሽታው በጸደይ ይብሳል። መጀመሪያ ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ፣ የእጅ ጀርባ፣ አንገት፣ ፊት፣ ይቀላና ይላጣል። ተቅማጥ ይከተላል። መጨረሻው የአእምሮ መታወክ ነው። ታዋቂው የባክቴሪያ ተመራማሪ ቪክቶር ባቤሽ ስለዚህ በሽታ አጥንቶ ጽፏል። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ምክንያቱ የሻገተ በቆሎ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ገበሬው በቆሎውን ሳያደርቅ ጎተራ የሚያስገባ ሰነፍ ተደርጎ ተወቀሰ። ከ1914 ጀምሮ አሜሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ጎልድበርገር በሽታው የምግብ ጉድለት እንደሆነ በማስረጃ አሳየ፤ በ1937 ደግሞ ኮንራድ ኤልቬየም የጎደለው ነገር ናያሲን የተባለው የቫይታሚን ቢ ወገን መሆኑን አገኘ።

በቆሎ ውስጥ ናያሲን አለ፤ ግን ታስሮ ስለሚገኝ የሰው አንጀት አይፈታውም። በቆሎን መጀመሪያ ያለሙት የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች በኖራ ወይም በአመድ ውሃ ይቀቅሉታል፤ ኖራው የታሰረውን ይፈታዋል። እህሉ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ያ ዕውቀት አብሮት አልመጣም። የሞልዳቪያ ገበሬ ላም ካለው አይቡ ጉድለቱን ይሸፍንለታል። ላም የሌለው፣ ወይም ወተቱን ለዕዳ የሸጠው፣ ክረምቱን ሙሉ በቆሎ ብቻ በልቶ ጸደይ ላይ ይወድቃል። የዘመኑ ጸሐፊዎች ረጅሙን የዓቢይ ጾም ሲወቅሱ አንብቤያለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያው ጾም በባቄላ፣ በእንጉዳይ፣ በዋልነትና በዘይት ለሚጾም ሰው ጤና ነው። ሰውን የገደለው ባዶው ጎተራና የመሬት ኪራዩ ነው።

ለዚህም ነው በ1907 የተነሣው የገበሬዎች አመጽ የምግብ ታሪክ ውስጥ የሚገባው። የጀመረው ከሀርላው ብዙም በማይርቅ ፍላማንዚ በሚባል መንደር ነው፤ ገበሬዎች ለሚቀጥለው ዘመን የሚያርሱትን መሬት ውል፣ ርስቱን ከባላባቱ በኮንትራት ከያዘው ሰው ማግኘት አልቻሉም። መሬት ካልተከራዩ በቆሎ የለም፤ በቆሎ ከሌለ ምንም የለም። አመጹ እስከ ዋላኪያ ደርሶ ጦር በመድፍ አጠፋው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ተገደሉ። በዚያን ዘመን ሮማኒያ ከዓለም ትልልቅ ስንዴ ላኪዎች አንዷ ነበረች።

ስንዴው ሲፈጭና ነጩ ዱቄት ሲሄድ ፉርሽካው ይቀራል። ከዚህ ትርፍራፊ ነው የሞልዳቪያ ሴቶች ቦርሽ የሚባለውን መጣጣ ውሃ የሠሩት። የሮማኒያ ሾርባ ያለ መጣጣ ሾርባ አይባልም። በየአገሩ መኮምጠጫው ይለያያል፤ በሌላው አካባቢ የጎመን ኮምጣጣ ውሃ፣ ያልበሰለ ፕሪም ወይም ሎሚ ይገባበታል። ሞልዳቪያ ግን ቦርሽ ትላለች። አሠራሩን በአያትየው እጅ አይቼዋለሁ። አንድ ትልቅ የሸክላ እንስራ በደንብ ታጥቦ ይደርቃል። የስንዴ ፉርሽካ፣ ከእሱ ያነሰ የበቆሎ ዱቄት፣ ካለፈው ቦርሽ የተቀመጠ እርሾ አንድ ላይ ይለወሳል። የፈላ ውሃ ከእሳት ወርዶ ትንሽ ሲበርድ ይፈስበታል፤ በጣም ትኩስ ከሆነ እርሾው ይሞታል። የቼሪ ዛፍ ቀጭን ቅርንጫፎች ከነቅጠላቸው ይገባሉ። እንስራው በጨርቅ ተሸፍኖ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል፤ በየመሐሉ በእንጨት ይማሰላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ፉርሽካው ከታች ይሰፍራል፣ ከላይ ቢጫ የሚያደላ፣ ትንሽ የሚቆረቁር መጣጣ ውሃ ይጠራል። ያን ቀድተው ለብቻው ያፈሉታል፤ ሾርባው ውስጥ የሚጨመረው አትክልቱ ከበሰለ በኋላ ነው፣ አለዚያ ድንቹ አይበስልም። በመጨረሻ ሌውሽትያን የሚባል ሽታው የሚያውድ ቅጠል ተቆራርጦ ይበተንበታል። ጎረቤት እርሾ ሊለምን ሲመጣ አይከለከልም። መንደሩ ሁሉ ከአንድ እርሾ ሲቀዳዳ የኖረ ይመስለኛል።

ከምግባቸው እኔን ለማዳ ያደረገኝ ጾማቸው ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። ከፋሲካ በፊት ዓቢይ ጾም፣ ከኖቬምበር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ 40 ቀን፣ የሐዋርያት ጾም፣ በኦገስት የፍልሰታ ጾም አለ። ገናቸው ከእኛ ይቀድማል፤ ፋሲካችን ግን አንድ ቀን ነው፤ እዚያ ሆኜ ከአገሬ ሰው ጋር በአንድ ሌሊት እገድፍ ነበር። ልዩነታችን አሳማ ላይ ነው። ዲሴምበር 20፣ የቅዱስ አግናጥዮስ ዕለት፣ በየቤቱ የዓመቱ አሳማ ይታረዳል። በገለባ እሳት ፀጉሩ ይለበለባል፣ ቆዳው ይፋቃል፤ ሕፃን ልጅ ጀርባው ላይ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ከማረዱ ሥራ በኋላ ለረዱት ሰዎች እዚያው ሥጋ ተጠብሶ ከማማሊጋና ከፕሪም አረቄ ጋር ይቀርባል። የቀረው ቋሊማ ይሆናል፣ ጨው ይገባበታል፣ በጭስ ይደርቃል፤ የቤቱ የዓመት ስብ እሱ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው የገና ጾም ሳይፈታ ነውና በሕጉ የጸና ሰው ሠርቶ አይቀምስም።

እኔ አሳማ አልበላም አልኩ። ጓደኛዬ በእኔ ፋንታ አፈረች። አያትየው ግን፦

«ይህ በኦሪት የተጻፈ ነው፤ እሷ ትጠብቀዋለች። ልጄ፣ አንቺ የጾሙን ትበያለሽ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በፍስክ ቀን በሄድኩ ቁጥር ሁለት ድስት ይጣዳል። ያኔ ነው ሳርማሌ የሚሉትን የጎመን ጥቅል በጾም መልኩ ያወቅኩት። በመከር ወራት የተሰበሰበ ጥቅል ጎመን በበርሜል፣ በጨው ውሃ፣ ከእንስላል ግንድ ጋር ይታፈናል። እንዳይበላሽ ቱቦ አስገብተው አየር ይነፉበታል፣ ውሃው ከታች ወደ ላይ ይገለባበጣል። ጎመኑ ሲኮመጥጥ ቅጠሉ እንደ ቆዳ ይለሰልሳል፤ መሐሉ ላይ ያለው ወፍራም ጅማት ይላጣል። በፍስክ የሚሞላው የተፈጨ አሳማና ሩዝ ነው፤ በጾም እንጉዳይ፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና ሩዝ። በሞልዳቪያ ትንሽ ሆኖ ካልተጠቀለለ ባለሙያ አትባልም፤ አያትየው ከአውራ ጣት የማይበልጥ ይጠቀልሉ ነበር። በሸክላ ድስት ተደርድሮ፣ በየደረጃው የተቆራረጠ ጎመን ተነስንሶበት፣ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት በዝግታ ይበስላል። ምግቡን ከነስሙ ከቱርኮች ወሰዱት፤ በውስጡ ግን ቱርክ የማይነካውን ሥጋ ከተቱበት። ጥቂት ሥጋን ለብዙ ሰው ለማዳረስ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

አሁን ወደ ስንዴው። ሰው ሲሞት ኮሊቫ ይሠራል። ያልተፈጨ ስንዴ ይለቀማል፣ በ9 ውሃ ይታጠባል፤ 9ኙ የመላእክት ነገዶች ናቸው ይላሉ። በዝግታ እስኪፈካ ይቀቀልና ስኳር ወይም ማር፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የተፈጨ ዋልነት ይለወስበታል። በሳህን ላይ እንደ ጉብታ ተስተካክሎ ነጭ ስኳር ይነሰነስበታል፣ በላዩ መስቀል ይሠራበታል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ካህኑና ዘመዶቹ ሳህኑን በእጃቸው ከፍ አድርገው ይይዙና የዘላለም መታሰቢያ እየተባለ ሲዜም ያወዛውዙታል። እጁ ያልደረሰ የፊተኛውን ሰው ትከሻ ይይዛል። እኔ ያደግኩት ጎጃም ነው፤ በእኛ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይቀርባል። ሳህኑ ሲወዛወዝ ባየሁበት የመጀመሪያ ቀን አለቀስኩ፤ ሟቹን ግን አላውቀውም ነበር።

የኮሊቫ ጥንተ ነገር ተብሎ የሚተረከው ከሮማዊው ቄሣር ከዮልያኖስ ከሃዲ ጋር የተያያዘ ነው። በዓቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት የቁስጥንጥንያ ገበያ ምግብ ሁሉ ለጣዖት በተሠዋ ደም እንዲረጭ አዘዘ። ሰማዕቱ ቴዎድሮስ ለሊቀ ጳጳሱ ተገልጦ ሕዝቡ ከገበያ ሳይገዛ በየቤቱ ያለውን ስንዴ ቀቅሎ በማር እንዲበላ ነገረው። እስከ ዛሬ የጾሙ የመጀመሪያ ቅዳሜ በዚህ ይታሰባል። ሙታን በ3ኛው፣ በ9ኛው፣ በ40ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በዓመት ይታሰባሉ። ከዚያም በላይ ለቀደሙት ሁሉ የተመደቡ ቅዳሜዎች አሉ፤ ከጰራቅሊጦስ በፊት ባለው ቅዳሜ አዳዲስ የሸክላ ሳህንና ኩባያ ምግብ ተሞልቶበት፣ ሻማ ተለኩሶበት ለጎረቤትና ለድሃ ይሰጣል። ተቀባዩ ሰጪውን አያመሰግንም፤ ሟቹን ነፍስ ይማር ይላል። ጭሰኛው በቆሎ እየበላ፣ ላልበላው አባቱ ግን ስንዴ ይቀቅል ነበር። ከዚህ ልማድ የበለጠ ስለዚያ ሕዝብ ክብር የነገረኝ ነገር የለም።

መጻሕፍቱ ይህን ገበታ ዘግይተው ነው ያዩት። በ1841 እዚያው ያሺ ሚሃይል ኮገልኒቻኑና ኮስታኬ ኔግሩትሲ የተባሉ ሁለት ጸሐፍት 200 የምግብ አሠራሮችን የያዘ መጽሐፍ አወጡ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው አብዛኛውን ስለ ባላባቱ ገበታና ከምዕራብ ስለ መጣው ጣዕም ነው። በ1936 ሳንዳ ማሪን በሚል የብዕር ስም የወጣው የምግብ መጽሐፍ ለከተማ የቤት እመቤቶች ለትውልዶች መመሪያ ሆነ። የገጠሯ ሴት ግን እናቷን እያየች ተማረች።

ረሃብ ከዚያ በኋላም ተመለሰ። በ1946 እና በ1947 ድርቅ ሞልዳቪያን መታ፤ ጦርነቱ ጎተራውን አራግፎት ነበር። ሕፃናት በባቡር ተጭነው እህል ወዳለባቸው ክፍለ አገሮች ተላኩ። አያትየው ያን ዘመን ሲያነሡ ድምፃቸው ይቀንሳል። ቀጥሎ ኮታ መጣ። አዲሱ የኮሙኒስት መንግሥት እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ገበሬው ከአውድማው ላይ የተወሰነ እህል እንዲያስረክብ አስገደደ፤ ያላሟላ ይታሰራል። በ1962 መሬቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ኅብረት እርሻ ገብቶ አለቀ። ኮታ የሚለውን ቃል ስሰማ ደነገጥኩ፤ በዚያው ጊዜ ጎጃም ውስጥ አባቴ ጤፉን በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት ያስረክብ ነበር። አያትየው ስለ እኛ አገር ረሃብ በድብቅ ከሚያዳምጡት የውጭ ሬዲዮ ሰምተው ኖሮ፣ «እናትሽ ምን ይበላሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ከመለስኩላቸው በኋላ ብዙ አልተናገርንም።

በከተማው ደግሞ ሌላ ረሃብ ነበር። የአገሩ ኮሙኒስት መሪ ቻውሼስኩ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የደረሰውን የውጭ ዕዳ ቶሎ ከፍሎ ለመጨረስ ቆርጦ፣ የአገሩን ሥጋና እህል ወደ ውጭ ላከ። ከ1981 ጀምሮ ዳቦ፣ ዘይት፣ ስኳር በካርድ ሆነ። በዚያው ዓመት ከአንድ ወር ፍጆታ በላይ ምግብ ማከማቸት የሚያሳስር ወንጀል ተደረገ። በ1984 ሕዝቡ ከሚገባው በላይ ይበላል የሚል ሳይንሳዊ የአመጋገብ ፕሮግራም ጸደቀ። ሱቅ ውስጥ ከአሳማው የሚገኘው እግሩ ነበር፤ ሰዉ አዲዳስ ብሎ ሰየመው። ሥጋው ኤክስፖርት ሆኗል። የጓደኛዬ እናት ከሌሊቱ ጀምሮ ወረፋ ይዘው እንቁላል ሳያገኙ ሥራ የሚገቡበት ቀን ብዙ ነው። በኖቬምበር 15 ቀን 1987 የብራሾቭ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ወጥተው ወደ ፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሲገቡ፣ በዚያ ዕለት ለነበረው ምርጫ የተዘጋጀ አይብና ቋሊማ አገኙ፤ አደባባዩ ላይ ለቆመው ሰው በመስኮት ወረወሩት። ዕዳው በ1989 ጸደይ ተከፍሎ አለቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር መንግሥቱ ወደቀ።

በእነዚያ ዓመታት ከተማውን የመገበው ገጠሩ ነው ማለት ይቻላል። ከአያትየው ቤት ስንመለስ በሻንጣችን የኮመጠጠ ጎመን፣ ባቄላ፣ በጠርሙስ ቦርሽ፣ በመከር ከተጠበሰ ባዝንጃንና ቃሪያ የተሠራ ዛኩስካ ይኖራል። መንግሥት የማይቆጥረው ምግብ ይህ ነበር። ከ200 ዓመት በፊት የበቆሎው ነገር እንደሆነው ሁሉ፣ ያልተቆጠረው አዳነ።

ዛሬ ማማሊጋ በቡካሬስት ምግብ ቤቶች ከአይብና ከእንቁላል ጋር በጥሩ ዋጋ ይሸጣል፤ ቦርሽም በጠርሙስ ታሽጎ ሱፐርማርኬት ይገኛል። ኦክቶበር 14 ቀን፣ ዐፅሟ በ1641 ያሺ የገባው የቅድስት ጰራስኬዋ በዓል ሲውል፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ምእመን ከየክፍለ አገሩ መጥቶ ለሰዓታት ይሰለፋል፤ ለተሳላሚው ሳርማሌ በነጻ ይታደላል። ስንዴው እንደ ጥንቱ መጫኑን ቀጥሏል፤ አሁን ትልቁ በር በጥቁር ባሕር ላይ ያለው ኮንስታንታ ነው። በእህል ሥራ ላይ ሳለሁ የሮማኒያ ስንዴ ወደ እኛ አገርም ሲገባ አይቻለሁ።

አዲስ አበባ ቤቴ ቦርሽ እሠራለሁ። ፉርሽካውን ከሰፈር ወፍጮ ቤት አመጣለሁ፤ ለከብት የሚገዙት ሰዎች ለምግብ ነው ስላቸው ይገረማሉ። የቼሪ ቅርንጫፍ አላገኘሁም፣ ያለሱም ይኮመጥጣል። ክረምት ላይ ብርዱ ስለሚያዘገየው አራት ቀን ይፈጅብኛል፤ እንስራውን ማታ ማታ በጋቢ እጠቀልለዋለሁ። እርሾ የሚፈልግ ሰው ካለ እሰጣለሁ።